ሙያና ምትሐት፦ በሚና ጨዋታዎች ደንብ ውስጥ የአንድ የስያሜ ወሰን ታሪክ

አንድ ስያሜ ፍችውን የሚያገኘው ከሚጠራው ነገር ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ከቆሙት ስያሜዎች ጋር ካለው ልዩነት ጭምር መሆኑ በሥነ ልሳን ዘንድ የታወቀ ነው። ይህን መርሕ በታሪክ ለማሳየት ግን ያስቸግራል። በተፈጥሮ ቋንቋ ውስጥ የቃላት ወሰን የሚፈልሰው በዘመናት ርዝመት ነው፤ ማን እንዳፈለሰው አይታወቅም፤ ወሰኑ በመፍለሱ ምን እንደ ተገኘና ምን እንደ ታጣም አይመዘገብም። የአንድ ወሰን መነሻ፣ የፈለሰባቸው ዓመታትና ያስከተለው ክርክር በጽሑፍ የሚገኝበት መስክ ሲገኝ ለስያሜ አጥኚ ትልቅ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ ከእንዲህ ያሉት መስኮች አንዱን፣ ማለትም በአሜሪካ የተወለዱትን የምናብ የሚና ጨዋታዎች ይመለከታል። የሚመረምረውም በደንቦቻቸው ውስጥ «ምትሐታዊ» የተባለው ችሎታ ምትሐታዊ ካልሆነው እንዴት እየተለየ እንደ መጣ ነው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ ከመካከላቸው አንዱ ዳኛ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል። ተጫዋቹ «በሩን እሰብራለሁ»፣ «ከዘንዶው ሸሽቼ እደበቃለሁ» ይላል። ይሳካለት እንደ ሆነ የሚወስኑት የዳኛው ፍርድ፣ የተጻፈው ደንብና ባለ ብዙ ገጽ ዳይስ ናቸው። ስለዚህ ገጸ ባሕርዩ የሚችለው ነገር ሁሉ አንድም በደንቡ በስሙ የተጻፈ ነው፣ አንድም ዳኛው ከሰው ተፈጥሮ ገምቶ የሚፈቅደው ነው። ስያሜ ሥልጣን የሚያገኘው ከዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ጨዋታ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት፣ በ1974 በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ከሌክ ጄኔቫ ከተማ በሦስት ትናንሽ መጻሕፍት የወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው፤ ስሙ «የምድር ውስጥ ወህኒዎችና ዘንዶዎች» እንደ ማለት ነው። ምንጩ ግን የጦርነት ጨዋታ ነበር። ጋይጋክስ ከጄፍ ፔረን ጋር በ1971 ባሳተመው «ቼይንሜል» (ማለትም «ጥሩር») በተባለ የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ደንብ ውስጥ ጠንቋዮች፣ ጀግኖችና ዘንዶዎች የሚገኙበት የምናብ ተጨማሪ ክፍል አለ። እዚያ ጠንቋዩ የሚወረውረው የእሳት ኳስ ስፋቱ የተለካው በትልቁ የድንጋይ መወርወሪያ፣ መብረቁም የተለካው በከባድ የሜዳ መድፍ ነው። ጀግናው በበኩሉ የአራት ሰው፣ ከእርሱ የሚበልጠው ጀግና የስምንት ሰው የመዋጋት ኃይል አለው፤ ይህ ታላቁ ጀግና ሲቀርብም የጠላት ጭፍራ ወኔው ይፈተናል። ምትሐት በመድፍ፣ ጀግንነት በሰው ቍጥር ተለካ ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ ሚዛን ላይ ስለ ነበሩ በመካከላቸው ወሰን አላስፈለገም።

በ1974ቱ መጻሕፍት ለገጸ ባሕርያት የቀረቡት መደቦች ሦስት ነበሩ፤ ተዋጊ ሰው፣ ምትሐት ተጠቃሚና ካህን። የስያሜዎቹን አሠራር ለሚመለከት ሰው ከሦስቱ አንዱ ብቻ በሚጠቀምበት ኃይል ስም ተጠርቷል። ተዋጊው «ብረት ተጠቃሚ» አልተባለም። በሥነ ልሳን ምልክት ያለበትና ምልክት የሌለበት እያልን የምንለየው ተቃርኖ ከዚህ ይጀምራል። ምትሐት ምልክት ያለበት ወገን ሆነ፤ የቀረው ሁሉ፣ መውጣቱም፣ መደበቁም፣ መሮጡም፣ ስም ሳይሰጠው «ሰው የሚችለው» በሚል ዝምታ ውስጥ ቀረ።

የምትሐቱ አሠራር የተወሰደው ጃክ ቫንስ በ1950 ካሳተመው «ዘ ዳይንግ ኧርዝ» ከተባለው መጽሐፍ ነው። ጠንቋዩ የተወሰኑ ድግምቶችን አስቀድሞ በአእምሮው ይይዛል፤ አንዱን በተጠቀመ ጊዜ ያ ድግምት ከአእምሮው ይፋቃል፤ እንደገና እስኪያጠናውም ድረስ አያገኘውም። (በአማርኛ «ድግምት» የተገኘው «ደገመ» ከሚለው ግሥ መሆኑን ለሚያስብ ሰው ሊደገም የማይችል ድግምት ፈገግ ያሰኛል።) በዚህ ምክንያት ምትሐት እንደ ጥይት የሚቈጠር ሀብት ሆነ፤ የሚቈጠር ሀብት ደግሞ ወሰን ይሻል። በዚያው የ1974 ዝርዝር ውስጥ ምትሐትን የሚያስታውቅ፣ ምትሐትን የሚፈታና በጠንቋዩ ዙሪያ እንደ ቅርፊት ሆኖ ማናቸውም ድግምት እንዳያልፍ የሚያግድ ሦስት ድግምቶች ይገኛሉ። እንግዲህ ደንቡ ምትሐት ምን እንደ ሆነ ሳይናገር ምትሐትን የሚያገኝ፣ የሚፈታና የሚያግድ መሣሪያ አበጀ። የቀጣዮቹ ሃምሳ ዓመታት ክርክር ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ከዚህ ክፍተት ነው። ዳኛው «ይህ ነገር በምትሐት ማስታወቂያው ይታያልን? በመፍቻውስ ይፈታልን?» ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር በመጽሐፍ ያልተጻፈ ብያኔ ከራሱ ማውጣት ነበረበት።

የካህኑ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ በተለይ እንግዳ ነው። ካህኑ በዚያ ዝርዝር ውስጥ በትርን ወደ እባብ የሚለውጥ ድግምት ነበረው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 7 አሮን በትሩን ሲጥል እባብ ሆነች፤ የፈርዖን ጠቢባንና አስማተኞችም እንዲሁ አደረጉ። የሁለቱ ልዩነት በሚታየው ውጤት ሳይሆን በምንጩ ነው፤ የአሮን በትር የእነርሱን በትሮች መዋጧም የሚገልጸው የምንጩን ብልጫ ነው። በእኛ ቋንቋ አንዱ ተአምር፣ ሌላው አስማት ይባላል፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ድፍረት ይሆናል። የጨዋታው ደንብ ግን ሁለቱንም ድግምት ብሎ ጠራቸው። የምንጭ ልዩነት በመደቡ ስም ላይ ብቻ ቀረ፤ በአሠራር የካህኑም የጠንቋዩም ሥራ በአንድ መፍቻ ይፈታል። ምትሐት ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ቀርቶ ምን እንደሚያቆመው መጠየቅ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ስም ያልነበረው ወገን መጀመሪያ ስም ያገኘው በሌባው ነው። በ1975 «ግሬይሆክ» በተባለው የመጀመሪያ ተጨማሪ መጽሐፍ ሌባ የተባለ አዲስ መደብ ገባ። ቁልፍ መክፈት፣ ወጥመድ ማክሸፍ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መራመድ፣ በጥላ ውስጥ መሰወር በመቶኛ ተሰፍረው በሠንጠረዥ ተሰጡት። እነዚህ ምትሐት አይደሉም፤ ማንም ሰው በሕይወቱ የሞከራቸው ሥራዎች ናቸው። ችግሩም ይኸው ነበር። ሠንጠረዡ ከመጻፉ በፊት ተዋጊው «ጫማዬን አውልቄ ቀስ ብዬ አልፋለሁ» ቢል ዳኛው አመዛዝኖ ይፈቅድለት ወይም ይከለክለው ነበር። ከተጻፈ በኋላ ግን ጥያቄ መጣ፤ ድምፅ ሳያሰሙ መራመድ የሌባ ችሎታ ከሆነ ሌላው ሰው አይችልም ማለት ነውን? በ1978 በታተመው የ«አድቫንስድ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተጫዋቾች መጽሐፍ የአንደኛ ደረጃ ሌባ በጥላ የመሰወር ዕድሉ ከመቶ 10፣ ድምፅ ሳያሰማ የመራመድ ዕድሉ ከመቶ 15 ነበር። ሙያው ነው የተባለው ሰው ከዐሥር ጊዜ ዘጠኙን የሚታይ ከሆነ፣ ሙያው ያልሆነው ሰው ስንት ጊዜ ይታይ?

ከዚህ ጥያቄ ሁለት አፈታት ወጣ። በአንደኛው አፈታት ሌባው የሚያደርገው ነገር ሌላው ከሚያደርገው በዓይነቱ የተለየ ነው። ተዋጊው ከድንጋይ ኋላ ሊደበቅ ይችላል፤ ሌባው ግን መከለያ በሌለበት፣ ጥላ ብቻ ባለበት ይሰወራል። ስለዚህ የሌባው 10 ከመቶ ማንም ከሚችለው በላይ የሚጨመርለት ዕድል ነው። ይህ አፈታት ለሁሉም ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን ሌባውን ሳይታሰብ ወደ ምትሐት አፋፍ ገፋው፤ ከግድግዳ ጥላ ጋር ተመሳስሎ የሚጠፋ ሰው ተራ ሰው ነው ለማለት ያስቸግራልና። በሁለተኛው አፈታት መደቡ ያልሆነ ሰው ጨርሶ አይሞክርም። በዚህኛው ስም መስጠት መንጠቅም ሆነ። በ1974 በር ላይ ጆሮን ለጥፎ ማዳመጥ የማንም ነበር፤ ሰው ከስድስት አንድ፣ ኤልፍና ድንክ ከስድስት ሁለት ዕድል ነበራቸው። ሌባው ሲመጣ ማዳመጥም በእርሱ ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ተጻፈ። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ታሪክ ለስያሜ ሠራተኛ የበለጠ የሚያስተምረው ይህ ክፍል ነው። ስም የተሰጠው ነገር ባለቤት አገኘ፤ ባለቤት ያገኘው ነገር ከጋራው ግጦሽ ታጠረ። ሌባውን የደረሱት ሰዎች ለሌባው መስጠት እንጂ ከተዋጊው መቀማት አላሰቡ ይሆናል፤ ሠንጠረዥ ግን የደራሲውን አሳብ አይጠይቅም።

በዚያው ዘመን ምልክት ያለበት ወገን በቃላት እየበለጸገ ሄደ። ጋይጋክስ አሮጌ ቃል ፈልጎ ማንሣት ይወድ ነበር። በአንድ ዕቃ ወይም ቦታ ላይ ያደረውን የምትሐት ኃይል ለመጥራት «ድዌመር» የሚለውን ቃል አነሣ። ቃሉ በ1200 ገደማ ላያሞን በጻፈው «ብሩት» በተባለው ረጅም ግጥም ውስጥ ከነዘመዶቹ ይገኛል። የጥንታዊው እንግሊዝኛ አባቱ የዓይን ማታለያን፣ ቅዠትን፣ ያለ የሚመስል የሌለ ነገርን ያመለክት ነበር። ቶልኪንም በ1954 እና በ1955 በታተመው «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ውስጥ ከዚሁ ሥር የቦታ ስሞችን ሠርቷል። አማርኛ ተናጋሪ ከዚህ ላይ የራሱን «ምትሐት» ማስታወሱ አይቀርም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በባሕር ላይ ሲሄድ አይተው የደነገጡት ምትሐት መስሏቸው ነው፤ በዚያ ስፍራ ቃሉ ማታለያ ጥላ እንጂ ኃይል ማለት አይደለም። በሁለቱም ቋንቋዎች እንግዲህ «የሌለ ነገር» የሚል ቃል እየዋለ እያደረ «ሌላ ዓይነት ኃይል» ወደ ማለት አድጓል። በጨዋታው ደንብ ግን ዕድገቱ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ድዌመር ከሁሉ ይልቅ በርግጥ የሚገኝ፣ በድግምት የሚታይና የሚፈታ ነገር ሆኖ ዐረፈ።

የ1974ቱን ክፍተት በብያኔ ለመዝጋት በግልጽ የተሞከረው ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ ነው። የጨዋታው አሳታሚ በ1997 «ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት» በተባለ ድርጅት ተገዝቶ ነበር፤ በ2000 ጆናታን ትዊት፣ ሞንቲ ኩክና ስኪፕ ዊልያምስ ያዘጋጁት ሦስተኛው እትም ወጣ፤ በ2003ም ታርሞ ታተመ። በዚህ እትም ከእያንዳንዱ ልዩ ችሎታ ስም ቀጥሎ በቅንፍ የሁለት ፊደል ምልክት ተለጠፈ። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ድግምት መሰል፣ ልዕለ ተፈጥሯዊና ከልማድ የወጣ። ድግምት መሰሉ በመፍቻ ይፈታል፣ ድግምትን የሚቋቋም ፍጡርም ይቋቋመዋል፣ በጸረ ምትሐት ሜዳ ውስጥም አይሠራም። ልዕለ ተፈጥሯዊው አይፈታም፣ ድግምትን የመቋቋም ባሕርይም አያግደውም፤ በጸረ ምትሐቱ ሜዳ ውስጥ ግን ይከስማል። ከልማድ የወጣው በሦስቱም አይነካም። ከእነዚህ በስተኋላ ተፈጥሯዊ የተባለ አለ፤ የወፍ መብረር፣ የዓሣ መዋኘት ዓይነት፤ እርሱ ምልክት አያሻውም።

በስያሜ ሥራ ረገድ ይህ እጅግ ንጹሕ ነው። ብያኔው ስለ ምትሐት ባሕርይ አንድ ቃል ሳይናገር እያንዳንዱን ስያሜ ከሌሎቹ በሚለየው አሠራር ብቻ ወሰነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁሉ ሊመኘው የሚገባ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ግን ደግሞ ንጽሕናው ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሦስተኛውን ምድብ መመልከት ይበቃል። መጽሐፉ ከልማድ የወጣው ችሎታ ምትሐት እንዳልሆነ፣ ሆኖም የተፈጥሮን ሕግ ሊጥስ እንደሚችል ይገልጻል። በዕለት ቋንቋ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው፤ የተፈጥሮን ሕግ የሚጥስ ነገር ሌላ ምን ይባላል? በደንቡ ውስጥ ግን አይጋጭም፤ ምትሐት ማለት የጸረ ምትሐቱ ሜዳ የሚያጠፋው ነገር ማለት ብቻ ነውና። ብዙ ዓይን ያለው ተንሳፋፊ ጭራቅ በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ከልማድ በወጣ ችሎታ ነው። ትሮል የተባለው ግዙፍ ቁስሉ ወዲያው የሚገጥመውም እንዲሁ ነው። የዘንዶ የእሳት እስትንፋስ ግን ልዕለ ተፈጥሯዊ ነው። ስለዚህ በጸረ ምትሐት ሜዳ ውስጥ የገባ ዘንዶ መብረሩን አይተውም፣ እሳት መትፋቱን ግን ይተዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የመነኩሴው መደብ ነው። (መነኩሴ የተባለው የእኛ ባሕታዊ ሳይሆን ከምሥራቅ እስያ ተረቶችና ፊልሞች የመጣ ባዶ እጁን የሚዋጋ ሰው ነው።) በ2003ቱ ጽሑፍ መነኩሴው ደረጃው ከፍ ሲል ተራ በሽታ እንዳይዘው ሆኖ ሰውነቱ ይነጻል፤ ይህ ከልማድ የወጣ ችሎታ ነው። ከዚያ በላይ ሲያድግ ማናቸውም መርዝ አይጎዳውም፤ ይህ ግን ልዕለ ተፈጥሯዊ ነው። ስለዚህ በጸረ ምትሐቱ ሜዳ ውስጥ የቆመ መነኩሴ ከትኩሳት ይጠበቃል፣ ከእባብ መርዝ ግን አይጠበቅም። በሽታን የሚያሸንፍ ሥጋ በሥልጠና፣ መርዝን የሚያሸንፍ ሥጋ በሌላ ኃይል የሚገኘው ለምንድን ነው ቢባል መልሱ ሁለት ፊደል ነው። ፊደሎቹም ባዶ አልነበሩም፤ አንድ ሰው በድግምት የሌላ ፍጡር መልክ ሲይዝ ከልማድ የወጡት የማጥቂያ ችሎታዎች ከሥጋው ጋር ይተላለፉለታል፣ ልዕለ ተፈጥሯዊዎቹ አይተላለፉም ነበር። የሰው ዕድል በቅንፍ ውስጥ ባለ ምልክት ሲወሰን ያየ ሰው ስያሜ ከንቱ ነገር ነው አይልም።

ሌሎች ጨዋታዎች ወሰኑን ራሱን አንሥተው ጥለውታል። በ1978 የወጣው «ሩንክዌስት» የሚካሄደው ግሬግ ስታፈርድ በፈጠረው ግሎራንታ በተባለ ዓለም ነው፤ እዚያ መደብ የለም፤ ጥቂት ምትሐት የማንም ገበሬና ወታደር ነው፤ መደበቅና መውጣትም ለሁሉ በመቶኛ ተሰፍሯል። የሌባው ጥያቄ በዚያ ሊነሣ አይችልም። በ1993 ፋሳ የተባለው አሳታሚ ያወጣው «ኧርዝዶውን» በተቃራኒው መንገድ ሄደ። በእርሱ ዘንድ ባለ ተሰጥኦ ሁሉ፣ ተዋጊውም ሌባውም ሳይቀር፣ ሥራውን የሚሠራው በምትሐት ነው። አንድ ቁልፍ መክፈት ሁለት ሆኖ ይገኛል፤ ከምትሐት ጋር የተሳሰረው ሰው ሲከፍተው ተሰጥኦ ይባላል፣ ተራው የከተማ ሰው በልምምድ ተምሮ ሲከፍተው ሙያ ይባላል። በሩ በሁለቱም ይከፈታል። ይህ መፍትሔ ከሁሉ ይልቅ ሐቀኛ ይመስለኛል፤ ውጤቱ አንድ ሆኖ መንገዱ ሁለት መሆኑን ሳያፍር ይናገራልና።

«ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ራሱ በ2008 በወጣው አራተኛ እትም ፊቱን ወደ ምንጭ መለሰ። ችሎታዎች በምንጫቸው ተከፈሉ፤ የጦር፣ የረቂቅ ጥበብና የመለኮት፤ በ2009 የጥንተ ፍጥረት፣ በ2010 የአእምሮ ኃይል ተጨመሩ። እያንዳንዱ ምንጭ ለችሎታዎቹ የራሱን ስም ያዘ፤ የጠንቋዩ ድግምት፣ የካህኑ ጸሎት፣ የተዋጊው ጀብዱ ተባለ። አሠራራቸው ግን አንድ ሆነ፤ ሁሉም እንደ ወደዱ የሚደረጉ፣ በአንድ ግጥሚያ አንድ ጊዜ የሚደረጉና በቀን አንድ ጊዜ የሚደረጉ ችሎታዎች ተሰጧቸው። ተዋጊው ከ1974 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በስም የሚጠራና የሚቈጠር ሀብት በጠንቋዩ ልክ አገኘ። ጩኸቱም የዚያኑ ያህል ነበር። ተዋጊው በአካባቢው ያሉትን ጠላቶች ፎክሮ ወደ ራሱ የሚስብበት አንድ ጀብዱ ነበረው፤ «መምጣት ያልፈለገ ጠላት ያለ ምትሐት እንዴት ይመጣል?» ተባለ፤ በኋላ በወጣ እርማት የጠላት ፈቃድ በዳይስ እንዲሸነፍ ግድ ሆነ። የጦር መሪው በቃሉ ብቻ የቆሰለ ጓዱን ማስነሣቱም እንዲሁ አከራከረ። ብዙዎች «ሁሉንም ጠንቋይ አደረጋችሁት» አሉ። መጽሐፉ ግን የጦር ችሎታ በተለመደው አነጋገር ምትሐት እንዳልሆነ፣ አንዳንዱ ከተራ ሰው አቅም በላይ መሆኑን ጽፎ ነበር።

ለዚህ ጩኸት ምክንያቱ እኔ እንደማየው ከደንቡ ሳይሆን ከአንባቢው የሚመነጭ ነው። ምትሐታዊ ችሎታ አንድ ዳኛ ብቻ አለው፤ እርሱም የተጻፈው ቃል ነው። የእሳት ኳስ ወርውሮ የሚያውቅ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ስለሌለ «ይህማ አይሆንም» የሚል አይገኝም። ምትሐት የሌለበት ችሎታ ግን ሁለት ዳኛ አለው፤ አንዱ የተጻፈው ቃል፣ ሁለተኛው የተጫዋቾቹ የራሳቸው ጉልበትና እግር። ሁሉም ሮጠው ያውቃሉ፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለው ወድቀው ያውቃሉ። ስለዚህ ጠንቋዩ ደረጃው በጨመረ ቁጥር ተራራ ሲያፈርስ፣ ተዋጊው ሳይሰበር ከስንት ክንድ ከፍታ ሊዘል እንደሚችል ይከራከሩበታል። በተረት ዘንድ እንዲህ አልነበረም፤ የአኪልስ ቁጣና የሳምሶን ክንድ በሰው አቅም አልተለኩም። በ2019 የታተመው የ«ፓዝፋይንደር» ሁለተኛ እትም ይህን ቁርጥ አድርጎ ለመመለስ ሞክሯል፤ በመዝለልና በመገለባበጥ ሙያ እጅግ የላቀው ሰው ተገቢውን ሥልጠና ከያዘ ከየትኛውም ከፍታ ቢወድቅ አይጎዳም፤ ይህም ምትሐታዊ የሚል ምልክት አልተለጠፈበትም።

በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም የሦስተኛውን ምልክቶች አንሥቶ በዕለት ቋንቋ ለመናገር መረጠ። የሚገርም አይደለም፣ የቀድሞው ጥያቄ ወዲያው ተመለሰ፤ የዘንዶ እስትንፋስ ምትሐት ነውን? በወቅቱ የደንቡ ኃላፊ የነበረው ጄረሚ ክሮፎርድ ለተጫዋቾች ይሰጥ በነበረው ይፋ ምላሽ ምትሐትን ሁለት አደረገው። አንደኛው በዓለሙ ተፈጥሮና በፍጡራኑ ሥጋ ውስጥ የተሰራጨው ነው፤ ሁለተኛው በዕቃ ወይም በድግምት የተከማቸው ነው፤ ማስታወቂያውና መፍቻው የሚነኩት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ይህን ለመለየትም መጠይቆች አኖረ፤ የምትሐት ዕቃ ነውን? ድግምት ነውን? የድግምት ጥቃት ነውን? በድግምት አቅም የሚሠራ ነውን? ጽሑፉ «ምትሐታዊ» ይለዋልን? ከእነዚህ ለአንዱ «አዎን» ከተባለ ምትሐት ነው። የዘንዶው እስትንፋስ ለአንዱም አዎን የሚያሰኝ ስላልሆነ በ2003 ምትሐት የነበረው በዚህ ብያኔ ምትሐት መሆኑ ቀረ። በ2024 የታደሰው መጽሐፍ መፍቻ ይበልጥ አሳጠረው፤ ምትሐታዊ ማለት በድግምት፣ በምትሐት ዕቃ ወይም ደንቡ ምትሐታዊ ብሎ በሚጠራው ነገር የተፈጠረ ማለት ነው። ዙረት ነው ቢባል ዙረት ነው። ሆኖም የሚሠራ ዙረት ነው።

በእኛ አገር ያለው የቃላት ታሪክ ከዚህ ጋር በአንድ ነጥብ ይገናኛል፤ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። በጨዋታው ሙያ ከምትሐት ተለይቶ እንዲያንስ ሲደረግ፣ እኛ ዘንድ ሙያ ራሱ በምትሐት ተጠርጥሯል። «ጠይብ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ጠቢብ» የወጣ ነው፤ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው ጥበበኛ ናቸው። ያው ቃል ግን በሕዝብ አፍ ከ«ቡዳ» ጋር ተቈራኝቶ የሰው ስድብ ሆነ። ማረሻውን የሚሠራለት ሰው እሳትንና ብረትን እንዴት እንደሚያዛቸው ያልገባው አራሽ ሙያውን አስማት አለው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። «መድኃኒት» የሚለውም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው፤ ሐኪም ቢሰጠው ፈውስ ነው፤ «መድኃኒት አደረገችበት» ሲባል ግን የሚሰማን ሌላ ነው፤ ዕፅ ዐዋቂውም «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» ይባላል። ወሰኑን የሚወስነው የሥራው ባሕርይ ሳይሆን የተመልካቹ ቦታ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

እነዚህን ጨዋታዎች በአማርኛ ለመግለጽ የሚሻ ሰው ቢኖር ስያሜዎቹ እንደሚከተለው ቢያዙ ይመረጣል። ለአጠቃላዩ ኃይል «ምትሐት» የተሻለ ነው። በዕለት ንግግር «አስማት» እንደሚበዛ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ በኅቡእ ስሞች የሚደረገውን ጸሎትና ክታብ ስለሚያስታውስ ለአንድ ጨዋታ ሁሉን አቀፍ ስም ማድረጉ ሸክሙን ያበዛበታል። ለነጠላው ሥራ «ድግምት»፣ ለመሰሉ «ድግምት መሰል»፣ ቀድሞም በትምህርት ቋንቋ ለታወቀው «ልዕለ ተፈጥሯዊ» ይበቃሉ። ምትሐት ለሌለበት ችሎታ «ዓለማዊ» ማለት አይስማማም፤ የ«ዓለማዊ» ተቃራኒ በእኛ ዘንድ «መንፈሳዊ» ስለሆነ ጠንቋዩን ከካህኑ ጋር መንፈሳዊ ያደርገዋል። «ሙያ» ይበልጣል። ከልማድ ለወጣው ደግሞ «ላዕላይ ሙያ» የሚለውን አቀርባለሁ፤ ከተራው ሰው አቅም በላይ መሆኑን እየተናገረ ከሙያ ወገን አያስወጣውም። «ተራ» የሚለውን ቃል ለተዋጊው ከመስጠት መቆጠብ ይገባል፤ በወታደር ቋንቋ ማዕረግ የሌለውን ሰው የሚጠራ ቃል ስለሆነ፣ ሃያኛ ደረጃ የደረሰውን ተዋጊ ጠንቋዩ ገና ድግምቱን ሳይጀምር ዝቅ ያደርገዋል።